ምዕራፍ 6፦ መኪናው የማይይዘው ቦታ

በመርካቶ ዙሪያ፣ ከአመዴ እስከ ሰባተኛ ባሉት ሰፈሮች፣ መኪናውን በግቢው ለመጠገን የሚያስብ ሰው ሜትር አንሥቶ መጀመሪያ የሚለካው መኪናውን ነው። ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ፣ ከመስታወት እስከ መስታወት ይለካና “ይገባል” ወይም “አይገባም” ብሎ ይደመድማል። ገብቶ የቆመ መኪና ግን ገና ቆመ እንጂ ሊሠራበት አልተዘጋጀም። የዚህ ምዕራፍ ክርክር ይህ ነው፦ የቤት ጋራዥ መታቀድ ያለበት በመኪናው ዙሪያ ከሚቀረው ባዶ መሬት ተነሥቶ ነው። ያንን ባዶ መሬት ከማንም በላይ የሚበላው የተከማቸ ዕቃ ነው፤ መርካቶን ጎረቤቱ ያደረገ ሰው ደግሞ ዕቃ ከማከማቸት ሊገላገል የሚችል ሰው ነው።

በከተማዋ በብዛት የምትታየውን ቶዮታ ኮሮላ እንውሰድ። ርዝመቷ 4.4 ሜትር፣ ስፋቷ 1.7 ሜትር ገደማ ስለሆነ መሬት ላይ የምትይዘው 7.5 ካሬ ሜትር ያህል ነው። አሁን ሥራውን እንጨምርበት። በሩ ወለል ብሎ እንዲከፈት፣ ሰውም ቁጢጥ ብሎ ጎማ እንዲያወርድ በአንደኛው ጎን 1 ሜትር፣ በሌላው ጎን ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ራዲያተር ለማውረድ ወይም ሞተር ለማንሣት ከፊት 1.2 ሜትር፣ ለማለፊያ ከኋላ ሌላ 60 ሴንቲ ሜትር እንተው። ድምሩ 6.2 በ3.3 ሜትር፣ ማለትም 20.5 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። መኪናዋ ከዚህ የያዘችው ከሲሶው ጥቂት የሚበልጠውን ነው። የቀረው ሁሉ ጉልበት የሚንበረከክበት፣ ክሪክ የሚገፋበት፣ ካርቶን አንጥፎ ተኝቶ ከሥር የሚወጣበት ቦታ ነው። በዚህ ልክ ላይ በረጅሙ ግድግዳ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መደርደሪያ ቢቆም የሚወስደው 2.5 ካሬ ሜትር ብቻ ይመስላል። የወሰደው ግን ከሥራው ጎን ነው፤ አንድ ሜትር የነበረው መተላለፊያ 60 ሴንቲ ሜትር ይሆንና በሩ ወለል ብሎ ሳይከፈት መደርደሪያውን ይመታል። ፍሬን የሚፈታው ሰው ክርኑ ይታሰራል፤ የቁልፉ እጀታ ዙሩን ሳይጨርስ ግድግዳ ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ሥራው ቀስ በቀስ ወደ ውጭ፣ ወደ መንገዱ ይወጣል፤ ጋራዡም መጋዘን ሆኖ ይቀራል።

ለዚህ መልሱ በራሱ በገበያው አቀማመጥ ውስጥ አለ። መርካቶ ዛሬ ባለበት ቦታ የተተከለው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ የአራዳውን ገበያ ወደ ምዕራብ ለማዛወር በወጣው ዕቅድ ነው። ዕቅዱ ቀጥ ያሉ መንገዶችን ዘረጋ፤ ገበያተኛው ደግሞ በመንገዶቹ ላይ የራሱን ሥርዓት፣ ተራውን፣ አቆመ። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ገዢው ሁለት ቀን ሳይባክን በአንድ መተላለፊያ ዋጋ ያወዳድራል፣ ሻጩም የጎደለውን ከጎረቤቱ ያሟላል። ለመኪና ሥራ ይህ ሥርዓት ትልቅ ጸጋ ነው። በሶማሌ ተራ አዲስና ያገለገለ መለዋወጫ፣ ከተበተኑ መኪኖች የወጣ በርና መብራት፣ ሞተርና ካምቢዮ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም የተገዛው ዕቃ እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ ይገጠማል። ለጎማ ጎማ ተራ አለ። ምናለሽ ተራ ባዶ በርሜልን፣ ቁርጥራጭ ብረትን፣ ያረጀ ጎማን ሁሉ ወደ ሌላ ጥቅም ይለውጣል። እንዲህ ያለ ገበያ በእግር በሚደረስበት ርቀት ላይ እያለ አንድ አሮጌ ካምቢዮ “ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል” ተብሎ በ20 ካሬ ሜትር ግቢ ውስጥ ለዓመታት መቀመጡ አስተዋይነት አይደለም። መጋዘኑ ገበያው ነው፤ ግቢው የሥራ ቦታ ይሁን።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ በቁም ነገር ሊመለስ ይገባዋል። ዋጋ በየጊዜው ይጨምራል፤ የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ ዕቃውም ይጠፋል፤ ዛሬ በደህና ዋጋ የተገኘውን ያላስቀመጠ ነገ በእጥፍ ይገዛል ይባላል። እውነት ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር ተሻግሯል፤ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ይህን ተከትሏል። ከዚያ በፊትም የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ በመጣሉ፣ በእጅ ያለውን መኪና አጥብቆ ማቆየት የብዙ ቤተሰብ ብቸኛ አማራጭ ሆኗል። ስለዚህ ማስቀመጥ የሚገባው ዕቃ አለ። ነገር ግን በየጊዜው የሚለወጠው፣ ቀድሞ በመግዛት ገንዘብ የሚያተርፈው ዕቃ ምን እንደሆነ እንይ። ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ፣ ቺንጋ፣ ጥቂት ሊትር ዘይት፣ አንድ ቆርቆሮ ግራሶ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከአንድ ቁምሳጥን አያልፍም። ቦታውን የሚያጣብበው የተጋጨ በር፣ የተቃጠለ ሞተር፣ የተላጠ ጎማ ነው፤ እነዚህ ደግሞ በመቀመጣቸው ዋጋ አይጨምሩም። ጎማና የዘይት መጠበቂያ ላስቲክ ሥራ ላይ ባይውሉም ያረጃሉ፤ ተከፍቶ የቆየ ሞተር በክረምት እርጥበት ውስጡ ይዝጋል። ቁምሳጥኑም ቢሆን መሬት ላይ መቆም የለበትም። ከ1.9 ሜትር በላይ ያለው የግድግዳ ክፍል ለቆመም ሆነ ለተንበረከከ ሰው እንቅፋት አይሆንምና እዚያ ይሰቀል።

ሁለተኛው ቅነሳ ከዕቃ ይልቅ የሚከብድ ነው፤ ሥራ መቀነስ። የራሱን መኪና መጠገን የጀመረ ሰው ሁሉንም ለመሥራት ይጓጓል፤ ብየዳውንም፣ ቀለሙንም፣ ጎማውንም። ሥራው በቤት መሠራት ያለበትና የሌለበት ተብሎ ካልተለየ ግን የትኛውም ንድፍ አይረዳም። ብየዳ የሚረጨው ፍንጣሪ ሜትሮች ተጉዞ ይወድቃል፤ የሥራ ደኅንነት መመሪያዎች የሚቃጠል ነገር ከብየዳ ቢያንስ 10 ሜትር ያህል እንዲርቅ ይጠይቃሉ። በ6 ሜትር ግቢ ውስጥ፣ የቤንዚን ታንከር ያለው መኪና አጠገብ፣ ከጀርባው የጎረቤት ጭቃ ቤትና የተደራረበ ቆርቆሮ ባለበት፣ ይህ ርቀት ከየትም አይመጣም። የቀለም ቅብም እንዲሁ ነው፤ የቲነር ጭስ ከግቢው አልፎ የሰው ማድቤት ይገባል። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት ሰዓታት የፈጀ ሲሆን፣ የአካባቢው መንገድ ጥበትና የሱቆቹ መጠጋጋት የማጥፋቱን ሥራ አክብዶታል። በእንዲህ ያለ ሰፈር እሳትን ወደ ግቢ ማስገባት የራስን ንብረት ብቻ ለአደጋ ማጋለጥ አይደለም። ብየዳው ለበያጁ፣ ጎማው ለጎሚስታው፣ የናፍታ ፖምፓው መሣሪያው ላለው ባለሙያ ይሂድ። ለቤት የሚቀሩት ዘይትና ፊልትሮ መለወጥ፣ ፍሬን፣ የመብራትና የባትሪ ሥራ፣ ራዲያተር፣ ኩሽኔት፣ የእግር ዕቃዎች ናቸው፤ አንድ መኪና በዓመት ውስጥ ከሚጠይቀው ሥራ ብዙው ይህ ነው።

ቦታውና ሥራው ከተለዩ በኋላ መኪናው በየት በኩል ዞሮ ይቁም የሚለው ይመጣል። ልማዱ በአፍንጫ ገብቶ በጀርባ መውጣት ነው። ለሥራ ግን መኪናው በጀርባ ገብቶ አፍንጫው ወደ ግቢው በር ቢዞር ይሻላል። ሞተሩ ያለበት ክፍል የቀን ብርሃን ያገኛል፤ ከፊት ያስፈልጋል ያልነው 1.2 ሜትርም በጣራው ሥር መሆኑ ቀርቶ ወደ ግቢው መግቢያ ይዘረጋል፤ ስለዚህ ጣራው አንድ ሜትር ያህል ሊያጥር ይችላል። ከሁሉ በላይ እሳት ቢነሣ በጎማው የቆመ መኪና በሁለት ሰው ጉልበት ወደ ውጭ ይገፋል። የዱቄት እሳት ማጥፊያውም ከበሩ አጠገብ ይሰቀል፤ ከውስጠኛው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ለማንሣት በእሳቱ ማለፍ ይጠይቃል።

አየሩም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ካርቡሬተር ያላቸው አሮጌ ሞተሮች፣ ላዳዎቹን ጨምሮ፣ በዚህ ከፍታ ካልተስተካከሉ ከአየሩ ጋር የማይመጣጠን ብዙ ነዳጅ ይወስዳሉ፤ በደንብ ያልተቃጠለ ነዳጅ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያበዛል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ገዳይነቱም ኦክስጅን በደም እንዳይጓዝ ከማድረጉ የመጣ ስለሆነ፣ ኦክስጅኑ ቀድሞውኑ በሳሳበት ከፍታ ጉዳቱ ይበረታል። ስለዚህ በመርካቶ ግቢ ውስጥ ጋራዥን በአራቱም በኩል በቆርቆሮ መዝጋት አይገባም። ጣራና ሁለት ግድግዳ ይበቃል፤ ሦስተኛው ግድ ከሆነ ከላይና ከታች ክፍት ቦታ ይተውለት።

ወለሉ ሁለት የሚጋጩ ነገሮችን ይጠየቃል። ውኃና ዘይት እንዲወርድ ዘንበል ማለት አለበት፤ የተነሣ መኪና እንዳይንሸራተት ደግሞ ሜዳ መሆን አለበት። መካከለኛው መንገድ ለአንድ ሜትር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ማዘንበልና ቁልቁለቱን ወደ ዳር ቦይ መምራት ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ጥንካሬው ነው። አፈር ላይ በስሱ የፈሰሰ ሊሾ ለእግር ያምራል እንጂ ከ1,000 ኪሎ በላይ የሚመዝን መኪና በአራት ጠባብ የብረት እግር ሲቆምበት ይሰነጠቃል። ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አርማታ ያስፈልጋል፤ ይህ ካልተቻለ በየካቫሌቶው (በየብረት መደገፊያው) ሥር ወፍራም የብረት ሰሌዳ ወይም ጠንካራ ሳንቃ ይደረግ። እዚህ ላይ ለአንድ አደገኛ ልማድ ቦታ መስጠት አይገባም። መኪናን በብሎኬት ደግፎ ከሥሩ መግባት በየሰፈሩ ይታያል። ብሎኬት የሚችለው በሰፊው ተሰራጭቶ የተጫነበትን ግድግዳ ነው፤ አንድ ነጥብ ላይ ብረት ሲያርፍበት ምንም ምልክት ሳይሰጥ በአንዴ ይፈረካከሳል። ክሪክም ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። ጥንድ ካቫሌቶ መግዛት ያልቻለ ሰው ከመኪና ሥር የሚሠራ ሥራ አይጀምር።

ብዙ መካኒኮች በዚህ ላይ “ለምን ጉድጓድ አይቆፈርም?” ብለው ይጠይቃሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ጉድጓድ ያለው ሰው ክሪክም ካቫሌቶም ሳያስፈልገው ቆሞ ይሠራል፣ ወገቡም ያርፋል። 80 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ለቪትዝም ለሚኒባስም ያገለግላል። የእኔ ፍርድ ግን ለዚህ ሰፈር ጉድጓድ አይሆንም የሚል ነው። የቤንዚን ተን ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ይተኛል፤ አንድ የእጅ መብራት ወድቆ ቢሰበር ሰውየው በእሳት መካከል ይገኛል። ክረምት ሲገባ ከሰኔ እስከ መስከረም ውኃ ይሞላዋል። ሌላው ምክንያት የይዞታ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ፣ ቁጥር 47፣ ትርፍ ቤቶችን ወደ መንግሥት ካዞረ ወዲህ በመርካቶ ዙሪያ ያለው ቤት አብዛኛው የቀበሌ ቤት ሆኖ ኖሯል፤ ነዋሪው ተከራይ ነው፤ ሰፈሩም በመልሶ ማልማት ሊነሣ ይችላል። በሰው መሬት ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ተነቅሎ አይሄድም። ካቫሌቶ፣ በማጠፊያ ግድግዳ ላይ የሚታጠፍ የሥራ ጠረጴዛ፣ በቡሎን የታሰረ ጣራ ግን ከባለቤታቸው ጋር ይሄዳሉ። ጠረጴዛው 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ኖሮት በአጭሩ ግድግዳ ላይ ቢገጠም፣ ሞርሳው ደግሞ የግድግዳው ምሰሶ ባለበት ጥግ ላይ ቢታሰር፣ ሥራ በሌለበት ጊዜ ምንም መሬት አይነካም።

ዘይቱን በተመለከተ ጉዳዩ ከግቢው አጥር ያልፋል። የምዕራብ አዲስ አበባ ጎርፍ መውረጃው ትንሹ አቃቂ ነው፤ ያ ወንዝ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርድና በመጨረሻ አዋሽን ይቀላቀላል። በመንገዱ ላይ ጎመንና ሰላጣ ይጠጣዋል፤ ያ አትክልት ተመልሶ የከተማዋ ገበያ ላይ ይቀርባል። የጋራዥ ቦይ በቀጥታ ወደ መንገድ ቱቦ ከተለቀቀ የፈሰሰው ዘይት በዚያው መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ ቦዩ መጀመሪያ አሸዋ ወደተሞላች ትንሽ ጉድጓድ ይግባ፤ ዘይት ከውኃ ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል፣ የተጣራው ውኃ ከሥር በተገጠመ ቱቦ ይወጣል፤ አሸዋውም ሲጠግብ ይለወጣል። የተቃጠለው ዘይት ክዳን ባለው ጀሪካን ይጠራቀም። ለሁሉም የሚበጀው ግን ዝናብ ዘይቱን እንዳያገኘው ማድረግ ነው፤ የጣራው ክፈፍ ከወለሉ ጠርዝ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል አልፎ ይውጣ፣ የጣራው ውኃ በራሱ አሸንዳ ለብቻው ይውረድ።

ብርሃን ላይ አንድ የተለመደ ጥፋት አለ፤ አምፖሉ በጣራው መሐል ይሰቀላል። መሐሉ የመኪናው ጣራ ስለሆነ ብርሃኑ እዚያ ያርፍና ጎኖቹና ሞተሩ ጥላ ውስጥ ይቀራሉ። ሁለት መብራቶች በረጅሙ በሁለቱ ጎኖች፣ ከመተላለፊያው በላይ ይሰቀሉ፤ ከጣራው ቆርቆሮም አንዱ ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ይሁን። ሶኬቱ ከወለሉ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ይበል፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ይኑረው፤ በጋራ ቆጣሪ በሚጠቀም ግቢ ውስጥ ይህ ለጎረቤትም ጥንቃቄ ነው።

በመጨረሻ የሚነሣው ጥያቄ የዘመኑ ነው። ጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታውቋል፤ እንግዲህ ስለ ዘይትና ካንዴላ መጨነቅ ያለፈበት አይደለም ወይ ይባላል። በመንገድ ላይ ያሉት የነዳጅ መኪኖች በዚያ ውሳኔ አልጠፉም፤ ቀረጡና ዕገዳው ተደምረው ይበልጥ ተፈላጊ አደረጓቸው እንጂ። ኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰውም ቢሆን ከባዱን ባትሪ በግቢው አይከፍትም፤ ያ የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው። ጎማው፣ ፍሬኑና እግሮቹ ግን እንደማንኛውም መኪና መፈታት አለባቸው። የኤሌክትሪክ መኪናዋ ባትሪ ከወለሏ ሥር ስለተዘረጋ የምትነሣው አምራቹ ባመለከታቸው ነጥቦች ብቻ ነው፤ ስለዚህ በዙሪያዋ ክሪክ አስተካክሎ የሚያስገባ ባዶ ቦታና ጠንካራ ወለል ከነዳጅ መኪናም ይልቅ ትፈልጋለች። በ16 አምፒር በ220 ቮልት የሚሠራ ሶኬት 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይሰጣል፤ ለሌሊት ሙሌት በቂ ነው፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ ያለማቋረጥ የሚጎትት ጭነት ስለሆነ የራሱ መስመር ያስፈልገዋል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ መደርደሪያ ከማሠራትህ ወይም ሲሚንቶ ከመግዛትህ በፊት መኪናህን እንዳልነው በጀርባ አግብተህ አቁም። አራቱንም በሮችና የሞተሩን ክዳን ክፈት፤ ካርቶን አንጥፈህ ከጎኑ ተኛና ከሥር ውጣ፤ ክሪኩን በአራቱም ማዕዘን አስገብተህ እጀታውን አንቀሳቅስ። እጅህ፣ በሩና ክሪኩ የደረሱበትን ሁሉ በጠመኔ አስምር። ዕቃ ማስቀመጥ የሚቻለው ከዚያ መስመር ውጭ ነው፤ ከመስመሩ ውስጥ አሁን የተቀመጠውን ደግሞ በዚህ ሳምንት ወደ ሶማሌ ተራ ወይም ወደ ምናለሽ ተራ ወስደህ ሽጠው።